አየር የሚጠጣው ዓሣ

መንግሥቴ ዓሣን ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ወይ ሞቶ ወይ ሊሞት ሲያጣጥር ነው። መረብ ውስጥ ሲፈራገጥ፣ ጀልባ ወለል ላይ ጭራውን ሲያማታ፣ ከዚያም ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ዱቄት ለብሶ፣ የፈላ ዘይት ውስጥ ሲንጫጫ። ከአገሩ ከኒሯቅ ልጆች ጋር ተደራጅቶ በተከዜ ግድብ ላይ ብዙ ዘመን መረብ ከጣለ በኋላ፣ ወገቡ አልታዘዝ ሲለው ሚስቱን ከእርሻውና ከከብቱ ጋር እዚያው ትቶ ሰቆጣ ወጣ፤ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ አንዲት ዓሣ ቤት ከፈተ። ስለዚህ ልጁ እታገኝ ከአዲስ አበባ እስከ ሰቆጣ አውቶቡስ ላይ አቅፋ ያመጣችውን የመስታወት ዕቃ ከፊቱ አስቀምጣ፣ ውስጡ የሚዋኘውን አውራ ጣት የሚያህል ነገር ስታሳየው፣ መጀመሪያ አፉ ላይ የመጣለት ጥያቄ አንድ ነበር።

"መቼ ይደርሳል?"

"አይደርስም፣ አባዬ" አለችው። "ይታያል እንጂ።"

"ምኑ ይታያል?"

"ዝም ብለው ይዩት።"

ዝም ብሎ አየው። እውነትም የሚታይ ነበር። ሰውነቱ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፤ ክንፎቹና ጭራው ግን ደማቅ ቀይ ሆነው እንደ ሐር ጨርቅ ረዝመዋል፤ ሲዞር ሁሉም ከኋላው ቀስ ብለው ይከተሉታል። ቆሮሶ አይደለም፣ አምባዛም አይደለም፤ መንግሥቴ ከሚያውቃቸው ዓሣዎች ከአንዱም ጋር አይዛመድም። እታገኝ ቤታ እንደሚባልና ወንዱ ሌላ ወንድ ሲያይ ጠብ እንደሚፈልግ ነገረችው። ከቦርሳዋ ትንሽ መስታወት አውጥታ ብታስጠጋለት ዓሣው ጉንጩን ነፍቶ፣ ክንፉን ሁሉ ዘርግቶ፣ የገዛ መልኩን ሊገጥም ተነሣ። መንግሥቴ ሳያስበው ሳቀ።

እታገኝ ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ አራት ዓመት ኖራለች። የዓሣ ቤቱ ቆርቆሮ ከእሷ የመጣ ነው፤ ማቀዝቀዣውም ከእሷ ነው። እናቷ የምታሳርስባቸውን በሬዎች የገዛችው፣ ወንድሟን የምታስተምረው እሷ ናት። የመጣች ለት መንግሥቴ "ለራስሽስ ምን ያዝሽ?" ብሎ ሲጠይቃት፣ አገጯን ወደዚያ የመስታወት ዕቃ ነበር ያነሣችው። ሌላ ነገር አልነበራትም። እሱም ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም። በልቡ ግን፣ ይህ ዓሣ በኔ ቤት እንዳይሞት ሲል ከራሱ ጋር ተማማለ።

ብርሃንም አየርም ያገኛል ብሎ ዕቃውን ከበሩ አጠገብ፣ ከመጥበሻው ማዶ ባለው ባንኮኒ ላይ ያኖረው እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ሰው እንዲያይለትም ፈልጓል። ጊዜው የነቢያት ጾም ስለነበር ዓሣ ቤቱ ሥራ በዝቶበታል፤ ዓሣ ለጾም ይሆናል የሚሉት በግልጽ፣ አይሆንም የሚሉት ደግሞ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ይገባሉ። የገባው ሁሉ ባንኮኒው ዘንድ ሳይቆም አያልፍም። ካባ የደረበ ሹም ይመስላል ተባለና ዓሣው ባላምባራስ የሚል ስም ወጣለት። የባጃጅ ሾፌሩ ተስፋው ምሳውን ከማዘዙ በፊት ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት ልማዱ አደረገ።

"ባላምባራስ፣ እንዴት ዋሉ?" ይላል። ከዚያ ወደ መንግሥቴ ይዞራል። "አንተ ግን ግፍ አትፈራም? ዘመዶቹን ዓይኑ እያየ ትጠብሳቸዋለህ።"

"እንዲፈራኝ ብዬ ነው።"

"እሱስ ፈርቶሃል። አፉን እንዴት እንደከፈተ አታይም?"

መንግሥቴ ዞር ብሎ አየ። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ፣ አፉን ከውኃው በላይ ብቅ አድርጎ አንዴ ጎረሰና ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወጣ፤ ጎረሰ፤ ወረደ። የሚጎረስ ነገር ግን ውኃው ላይ አልነበረም። መንግሥቴ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

ተከዜ ላይ የኖረ ዓሣ አጥማጅ ይህን ካየ ሌላ ምልክት አይጠብቅም። በበጋ ውኃው ሲሸሽ ዳር ዳሩን በሚቀሩት ኩሬዎች ውስጥ የታሰረ ዓሣ፣ እንዲህ አፉን ወደ ላይ አድርጎ አየር መለመን ከጀመረ፣ ሳይመሽ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ውኃው ታፍኗል ማለት ነው። መንግሥቴ የተስፋውን ምሳ ዘይት ላይ ትቶ ዕቃውን ይዞ ወደ ጓሮ ሮጠ። ዓሣውን በጭልፋ ወደ ሳህን አሻግሮ፣ አሮጌውን ውኃ ደፍቶ፣ ደጅ ካደረው ጀሪካን አዲስ ሞላለት። ዓሣው ሲመለስ ደንግጦ ወደ ታች ወረደና ቆመ። መንግሥቴ ተንፈስ አለ። ወዲያው ግን ዓሣው ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣና ጎረሰ።

እታገኝ ከገበያ ስትመለስ ያደረገውን ነገራት። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምትናገር ልጅ አይደለችም። ዓሣውን የሸጠላት ሰው ውኃውን ሁሉ ባንዴ አትለውጪ እንዳላት፣ ወደ ላይ መውጣቱም ያለ ነው እንዳላት ብቻ አስታወሰችው።

"ሻጭ ምን ይላል?" አለ መንግሥቴ። "ላም የሚሸጥ ሰው ትዋጋለች ይልሻል?"

"ቤሩት እሠራበት በነበረው ቤት የነበረው ዓሣም እንዲህ ያደርግ ነበር እኮ።"

"እሱስ አሁን ደኅና ነው?"

"ሞቷል።"

"ይኸው።"

ሙግቱ ግን በዚህ አልተዘጋም። እሱ የሚያውቀው የተከዜን ዓሣ ነው፤ እሷ የምታውቀው ከሰው የሰማችውን። ይህን ሁለቱም ስለሚያውቁ አንዳቸውም ሌላውን ማሸነፍ አልቻሉም። በመጨረሻ መጽሐፍ ይፍረደን ተባባሉ። እሱ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሮ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ነው፤ እሷም ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች። በዚህ ዓለም ላይ ዓሣን ለማየት ብሎ የሚያኖር ሰው ካለ፣ ያወቀውን የጻፈ አይጠፋም።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው። ጠባቂው ገብረ አማኑኤል ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ሰው ናቸው። የመጡበትን ጉዳይ ሁለት ጊዜ አስደገሟቸው። ዓሣ ለመብላት ነው ወይስ ለመሸጥ ብለው ጠየቁ፤ ለማየት ነው ሲባሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ መደርደሪያው ገቡና፣ ከእርሻ መጻሕፍቱ መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ ቀጭን መጽሐፍ አቧራውን እፍ ብለው አመጡላቸው። በኩሬ ውስጥ ዓሣ ስለ ማርባት የተጻፈ ነበር። መንግሥቴ እዚያው ቆሞ ጣቱን በየመስመሩ ሥር እየሳበ ሲገልጥ፣ የፈለገው ነገር ራሱ ብድግ ብሎ መጣለት። ዓሣዎች ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ከታዩ አየር አንሷቸዋልና ሳይውል ሳያድር አዲስ ውኃ ይጨመር ይላል።

"ምን አልኩሽ?" አለ።

እታገኝ መጽሐፉን ተቀብላ ራሷ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። "የኛን ዓሣ አይልም" አለች ዝግ ብላ።

"ዓሣ ይላል። የኛ ምንድን ነው ታዲያ፣ ዶሮ ነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንግሥቴ ጠዋትና ማታ ውኃ ይለውጥ ጀመር። ታኅሣሥ ነው፤ ደጅ ያደረ ጀሪካን እጅ ያደነዝዛል። ውኃው በቀዘቀዘ ቁጥር ንጹሕ የሆነ መሰለው። እታገኝ በእሱና በመጽሐፉ መካከል መግባት ከብዷት ከዳር ሆና ታያለች። ዓሣው ግን ሲውል ሲያድር ሰውነቱ እየደበዘዘ፣ ያ ቀይ ካባው እየተጣበቀ፣ ከታች ተኝቶ መዋል አመጣ። የሚነሣው ወደ ላይ ወጥቶ ለመጉረስ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ በየመሀሉ እያረፈ።

የባላምባራስ መታመም ሲሰማ ከተማው መድኃኒት አላጣም። ነጭ ሽንኩርት ይጨመርበት ያለ አለ፤ ጠበል ይረጭ ያለ አለ፤ አንዱ ጾም ከብዶት ነው አለ። የአዲስ አበባ መስመር ሾፌሩ ደብሬ ግን ቁም ነገረኛ ነው። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ሄጄ የዓሣ መጽሐፍ እፈልግልሃለሁ ብሎ ሄደ፤ ሲመለስም የሚያብረቀርቅ ወፍራም መጽሐፍ አምጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረ። ሽፋኑ ላይ ሳህን አለ፤ ሳህኑ ላይ ዓሣ አለ፤ ዓሣው ላይ ሎሚ ተቆርጦ ተደርድሯል።

"ደብሬ፣ ይኼ እኮ ስለ ወጥ ነው" አለ መንግሥቴ።

ደብሬ ገርሞት መጽሐፉን አገላብጦ አየው። ሻጩን ምን ብሎ እንደ ጠየቀው ሲያስታውስ ነገሩ ገባው። ለሰውዬው ዓሣ ቤት ያለው ወዳጄ ነው ያዘዘኝ ብሎታል፤ ዓሣ ቤት ላለው ሰው ደግሞ ሌላ ምን ይሰጠዋል? ተስፋው ከጠረጴዛው ሆኖ በሳቅ ፈነዳ። መጽሐፉን ባላምባራስ ፊት እንዳትገልጠው፣ በድንጋጤ ይሞትብሃል አለው። መንግሥቴም ሳቀ፤ መጽሐፉን ለሥራው ይሆነኛል ብሎ አስቀመጠው፤ ዓይኑን ወደ ዕቃው ሲመልስ ግን ሳቁ አልቆየም።

እታገኝም በበኩሏ ስልኳ ላይ ስትፈልግ ከርማለች። ኔትወርኩ ሲኖር የሚወጣው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ስልኩ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ደግሞ ጭንቅላትና ጭራው የማይለይ ነገር ይሆናል። የገባት ያህል እንኳ እርስ በርሱ አይስማማም። አንዱ ትንሽ ዕቃ ይበቃዋል ይላል፤ ሌላው በርሜል የሚያህል ካልሆነ ግፍ ነው ይላል። ማን እውነቱን እንደሚናገር በምን ይታወቃል?

ይህ ጥያቄ መንግሥቴንም ያዘው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ጋብ ሲል፣ ኩርሲ ስቦ ከዕቃው ፊት ለፊት ተቀመጠ። ውኃውን ከሳህን ወደ ሳህን ከፍ አድርጎ እያፈሰሰ አየር ሰጥቶት ነበር፤ በእሱ ቤት ከዚህ የበለጠ አየር ያለው ውኃ አይገኝም። ዓሣው ግን ወጣ። ጎረሰ። ወረደ። ተከዜ ላይ በታፈነ ኩሬ ውስጥ አዲስ ውኃ ሲገባ ዓሣ ሁሉ ወዲያው ወደ ጥልቁ ይመለሳል፤ ደግሞ አይወጣም። ይኼኛው ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ልብ ብሎ ሲያየው አወጣጡም እንደነዚያ አይደለም። እነዚያ ውኃው ላይ ቀርተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፤ ይለምናሉ። ይህ ግን ከመደርደሪያ ዕቃ አውርዶ እንደሚመለስ ሰው፣ ያሻውን ወስዶ ይመለሳል።

"እታገኝ" ብሎ ጠራት።

ሳህን እያደረቀች መጣች።

"ይኼ ዓሣ አልታፈነም።"

"አልታፈነም?"

"አልታፈነም። የሚያደርገውን ያውቃል። ለምን እንደሚያደርገው ግን እኔ አላውቅም፤ ያም መጽሐፍ አያውቅም።" ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። "ከእንግዲህ የሚመጣ መጽሐፍ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ይመልስልኝ። ለምን አየር እንደሚጠጣ የማይነግረኝ መጽሐፍ የዚህ ዓሣ መጽሐፍ አይደለም።"

እታገኝ የደረቀውን ሳህን ደግማ ማድረቅ ጀመረች። መንግሥቴ ልጁ አንድ ነገር ልትናገር ስትል እንዲህ ዘወርወር እንደምትል ስለሚያውቅ ጠበቃት።

"አንድ መጽሐፍ አውቃለሁ" አለች። "ሽፋኑ ላይ ይኼው ዓሣ አለ። አራት ዓመት አቧራውን ጠርጌለታለሁ።"

"ታዲያ ምን ይላል?"

"በዓረብኛ ነው። መስማትና መናገር እንጂ ማንበብ አልችልም።"

ከዚያ የቀረውን ቀስ በቀስ አወጣችው። መጽሐፉ የቤቱ እመቤት እናት ነው፤ እታገኝ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቴታ ትላቸዋለች፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። ዓሣው የእሳቸው ነበር። እሷ ስታጥባቸውና ስታበላቸው ኖራለች፤ ዓሣው ትንሽ ሲያመው መነጽራቸውን አድርገው ያን መጽሐፍ ያገላብጡ ነበር። ወደ አገሯ ስትመጣ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ብላ ነው የተለየቻቸው። የመመለሻ ቲኬት ቆርጠውላት ነበር። አልተመለሰችም። ቴታ ያን ሰሞን በስልክ ቢጠሯት ቢጠሯት፣ ምን እንደምትላቸው ጠፍቷት ስልኩን አላነሣችም፤ በኋላ እሳቸውም መደወል ተዉ።

መንግሥቴ የቲኬቱን ነገር ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ልጁ አሁን ብትደውል፣ እዚያ ማዶ ያሉት ሴትዮ የመጽሐፉን ነገር ትተው ነይ ይሏታል። እሷ ደግሞ ሰው ሲለምናት እምቢ ማለት አታውቅበትም። ተይው፣ ሌላ መጽሐፍ እንፈልጋለን ሊላት አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። ዓሣው ከዕቃው ወለል ላይ ጎኑን አስደግፎ ተኝቷል። ካባው ከገላው ጋር ተጣብቋል። ሌላ መጽሐፍ እስኪመጣ አይቆይም።

"ደውይላቸው" አለ።

አልደወለችም፤ ድፍረቱ አልመጣላትም። በሩ ላይ ኔትወርኩ ደህና የሚሆንበት ቦታ ቆማ የድምፅ መልእክት ቀዳች። መንግሥቴ በማያውቀው ቋንቋ ስታወራ ሌላ ሰው መሰለችው፤ ቃሏ ፈጠን ያለ፣ እጇ ወዲያ ወዲህ የሚል። ልትጨርስ ስትል ያለ ሰላምታ ነገር መጠየቅ ነውር ነው ብሎ ስልኩ ላይ ጎንበስ አለና፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ልጆችዎ ደኅና ናቸው፣ ከብቱ ደኅና ነው፣ ዘንድሮ አዝመራው እንዴት ያዘ፣ ልጄን አክብረው ስላኖሩልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ እያለ ረዘም አድርጎ ተናገረ። እታገኝ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተረጎመችው።

"ያን ሁሉ ያልኩትን እዚህች ላይ ጨረስሽው?"

"ቤሩት ከብት የላቸውም፣ አባዬ።"

መልሱ ቶሎ መጣ። የቀጠነ፣ ሳል የሚቆራርጠው የአሮጊት ድምፅ ነው፤ አጭር ነው። እታገኝ ሰምታ ስታበቃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምን አሉ ብሎ መጠየቅ አላስፈለገውም። ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ መልስ ስትሰጥ ከዓረብኛው ውስጥ አንድ ቃል ለየ፤ ከዓረብ አገር የተመለሰ ልጅ ያለው ሁሉ ያቺን ቃል ያውቃታል። "ላ" አለች። አይሆንም ማለት ነው። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ግን ደገመችው።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ጸጥ አለ። መንግሥቴ የመጣውን ደንበኛ አስተናገደ፤ እታገኝ መሬቱን ጠረገች። ቴታ በቃ ተቀይመዋል፣ መጽሐፉም ቀረ ብሎ መንግሥቴ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስልኩ ጮኸ። አሁን የመጣው ረጅም ነው። መጀመሪያ ሳል ተሰማ፤ ከዚያ ወረቀት ሲገለጥ የሚሰማው ኮሽታ።

"እያነበቡ ነው" አለች እታገኝ። ድምፅዋ ተለውጧል።

ዓረፍተ ነገር ሰምታ ታቆማለች፤ ተርጉማ ደግሞ ትከፍታለች። የዚህ ዓሣ አገሩ ሞቃት ነው፤ ሩዝ በሚዘራበት ማጥ ውስጥ ይኖራል። እዚያ ውኃው ዝቅ ያለና የታፈነ ስለሆነ፣ ከጉንጩ ሥር ካለው መተንፈሻ ከስንጥቡ ሌላ ራሱ ውስጥ ሁለተኛ መተንፈሻ ተፈጥሮለታል። ከላይ የሚጎርሰው አየር ወደዚያ ይገባል። ውኃው ምንም ንጹሕ ቢሆን ይወጣል፤ ሳይወጣ መኖር አይችልም።

"እንዳይወጣ ቢከለከል ይሰጥማል ይላል" አለች።

"ምን ይሆናል?"

"ይሰጥማል።"

"ዓሣ?"

"እንደዚያ ነው የሚያነቡት።"

"እስቲ መልሺው።"

መለሰችው። ቃሉን ባይሰማውም አንገቱን ወደ ስልኩ አስግጎ አዳመጠ። ስንትና ስንት ሺህ ዓሣ በእጁ አልፏል፤ በጉንጫቸው ሥር ያለውን ቀይ ስንጥብ በጣቱ ሳብ አድርጎ ሲጥል ኖሯል፤ ውኃ ውስጥ የሚሰጥም ዓሣ ይኖራል ብሎ ግን በሕልሙም አላሰበም። በአገውኛ አንድ ነገር ለራሱ አጉተመተመ፤ ሲገረም አፉ የሚፈታው በአገውኛ ነው።

ቴታ ቀጥለው ያነበቡት ግን ወደ እሱ የሚመጣ ነገር ነበር። ይህን ዓሣ ቶሎ የሚጎዳው ብርድ ነው። ውኃው ሁሉ ባንዴ አይለወጥ፤ ሲጨመርም ቤት ውስጥ ውሎ የሞቀ ይሁን። ከውኃው በላይ ያለውን አየር ስለሚስብ አየሩም ሞቅ ያለና ጢስ የሌለበት ይሁን። መንግሥቴ ቀና ብሎ ቤቱን አየ። የታኅሣሥ ነፋስ በክፍቱ በር ይገባል፤ ከመጥበሻው የሚነሣው የዘይት ጢስ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ዕቃው ላይ ነው። ደግሞ ያ ጀሪካን።

"እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት" አለ።

"ያኛውም መጽሐፍ እንዲያ ይል ነበር እኮ" አለችው።

"ያኛው ለቆሮሶ ልክ ነው። ለዚህ ማንበቤ ነው ጥፋቱ።"

ቴታ በመጨረሻ መጽሐፉን ዘግተው ከራሳቸው ጨመሩ። የሳቸው ዓሣ በብርድም በውኃም አልሞተም፤ የራበው እየመሰላቸው ብዙ እያበሉት ነው። ይህን መጽሐፉ ነግሯቸው ነበር፤ አልሰማ ብለው ነው።

ሞቃት ቦታ ማግኘት የእታገኝ ፈንታ ሆነ። የምትተኛበት ጓዳ ከጎረቤታቸው ከወለተ ሚካኤል ዳቦ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ምድጃው ቀን ሲነድ ይውላል፣ ሌሊት ጀርባዋን ሲያሞቃት ያድራል። መንግሥቴ እዚያ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ መታ፤ ዕቃውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ውኃው እንዳይናወጥ እግሩን እየለካ ወሰደው። ባንኮኒው ባዶ ሲሆን ተስፋው አዘነ።

"ባላምባራስ ከሹመት ወረዱ?"

"ታመው ነው። ጓዳ ናቸው።"

"እና እኔ ማንን እጅ ልንሣ?"

"እኔን ንሣኝ፤ ምሳህን የምሰጥህ እኔ ነኝ።"

መጠበቁ ከባድ ነበር። ውኃ አለመለወጥ ለመንግሥቴ ሥራ ከመሥራት ይበልጥ አደከመው። በየመሀሉ እጁን በዱቄት እንደ ተለወሰ ጓዳ ብቅ ይልና፣ ሳይነካ አይቶ ይመለሳል። ጥያቄውም እየበዛ መጣ። ይተኛል? ይሰማል? ሰው ይለያል? እታገኝ ምሽት ምሽት ትጠይቃለች፤ ቴታ መነጽራቸውን አድርገው ይፈልጉና ያነቡላቸዋል። ስለ መመለስ ዳግመኛ አላነሡም። አንዳንድ ጊዜ መጽሐፉ አያውቅም ብለው ይመልሳሉ፤ ይህ መልስ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ መንግሥቴ መጽሐፉን ይበልጥ እንዲያምነው አደረገው።

ዓሣው መጀመሪያ ጎኑን ከወለሉ አነሣ። ቀጥሎ ያችን ፍርፋሪ የምታህል ምግብ ተነሥቶ ጎረሰ። ከዚያ ካባው አንድ ጊዜ ተፈታ፣ ቀዩም ተመለሰ፤ ይህን ሁለቱም አይተዋል፣ ግን ክፉ ዓይን የሚስቡ ይመስል አንዳቸውም አፍ አውጥተው አልተናገሩም።

ለገና ዋዜማ ጠዋት መንግሥቴ ጓዳ ሲገባ ውኃው ላይ አረፋ አየ። ዳሩን ይዞ፣ ጥቅጥቅ ብሎ፣ እንደ ሳሙና ነጭ ሆኖ ተከምሯል። ተከዜ ላይ አረፋ የሚከማቸው ቆሻሻው በሚሰበሰብበት ጥግ ነው፤ መረቡን ከዚያ አርቆ የሚጥል ዓሣ አጥማጅ ነው ብልህ። ዕቃውን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹ መስታወቱን ነኩት፤ የግድግዳው ሙቀት ተሰማው። ከዚያ እጁን መልሶ እታገኝን ጠራት።

ፎቶ አንሥታ ላከች። መልሱ እስኪመጣ ሁለቱም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ በወለተ ሚካኤል በኩል የዋዜማው ዳቦ ሲጋገር ይሸታቸዋል። ቴታ አሁን ያነበቡት ከወትሮው ፈጠን ብለው ነበር፤ ሳላቸውም መሀል ላይ ወደ ሳቅ ዞሯል።

"ጎጆ ነው" አለች እታገኝ።

"የምን ጎጆ?"

"ወንዱ ነው የሚሠራው። ከላይ የወሰደውን አየር በምራቁ እየጠቀለለ አረፋ ያደርገዋል። እንቁላል የሚያኖርበት ነው። ውኃውና ሙቀቱ ሲመቸው ይሠራዋል ይላል፤ ሴት ባትኖርም ይሠራዋል።"

መንግሥቴ ተነሥቶ ከመደርደሪያው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ሆነ። ዓሣው ወጣ፤ አየር ወሰደ፤ ግን እንደ ወትሮው አልወረደም። ከአረፋው ሥር ሄዶ አንዲት ኩልል ያለች ኳስ ተፍቶ ከሌሎቹ ጋር አጣበቃትና ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ተመለከታት። ደግሞ ሌላ ሊያመጣ ወጣ። መንግሥቴ ይህን ሲያይ ብዙ ቆየ።

"እስከ ዛሬ እኮ የጠየቅነውን ብቻ ነው ያነበቡልን" አለ ዘወር ሳይል። "እኛ ያልጠየቅነው ስንት ነገር አለበት?"

"ብዙ ይመስለኛል።"

"ንገሪያቸው፤ ካልደከማቸው ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምሩልን።"

"አባዬ፣ ወፍራም ነው እኮ።"

"አቧራውን አራት ዓመት ጠርገሽለት ምን እንደሚል ሳትሰሚ?" አለና ኩርሲውን ወደ ግድግዳው ሳበ። "ቀጂላቸው።"

እታገኝ ስልኩን አነሣች፤ ለቴታ ሰላምታ ከማቅረብ ጀምራ፣ የአባቷን ሰላምታ ዛሬ ሳታሳጥር፣ ከብቱንም አዝመራውንም እየጠራች መናገር ጀመረች።